ድካሙ የእርግዝና ብቻ አልነበረም

ሰሞኑን «ደከመኝ» ባልኩ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነበር፤ «ነፍሰ ጡር አይደለሽ እንዴ!» ሰው በክፋት አይለውም፣ ሊያጽናናኝ ነው። ግን ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ሲል፣ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ሲጨልምብኝ፣ በዚህ ሁሉ ላይ በረዶ ማኘክ ሲያምረኝ፣ ነገሩ «እርግዝና ነው» ተብሎ የሚታለፍ አልመስል አለኝ።

በክትትሌ ቀን ለአዋላጇ አንድ በአንድ ነገርኳት። አላጣጣለችብኝም። ከተለመደው የደም ምርመራ ጋር ፌሪቲንም እንዲታይ አደረገች፤ ሰውነት ምን ያህል ብረት እንዳከማቸ የሚያሳየው እሱ ነው። ሄሞግሎቢኔ (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው) 10.2፣ ፌሪቲኔ 9 ሆኖ መጣ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢን ከ11 ከወረደ ደም ማነስ ይባላል። በእርግዝና ጊዜ ፌሪቲን ከ30 በታች ሲሆን ደግሞ ብዙ ሐኪሞች የብረት እጥረት አለ ይላሉ።

በእርግዝና ወቅት የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ አብዛኛው ጭማሪ ግን ፈሳሹ ነው፣ ቀይ የደም ሴሎች እኩል አይከተሉትም። ስለዚህ ደም ትንሽ ቢቀጥን ያለ ነው። የእኔ ግን የብረት ጎተራውም ባዶ ነበር። ሄሞግሎቢን ብቻ ታይቶ «ደህና ነሽ» መባል የማይበቃኝ ለዚህ ነው፤ ጎተራው እየተራቆተ ሄሞግሎቢን ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል። አንድ እርግዝና በጠቅላላው ወደ 1000 ሚሊግራም ብረት ይፈልጋል፤ ሕፃኑም ለመጀመሪያዎቹ የሕይወቱ ወራት የሚሆነውን ስንቅ በብዛት የሚይዘው አሁን፣ በመጨረሻው ላይ ነው። ይህን ስሰማ ስለ ራሴ ድካም ማሰቡን ተውኩት።

የታዘዘልኝ ፌረስ ሰልፌት የሚባል የብረት ኪኒን ነው፤ በአንዱ ኪኒን ውስጥ 60 ሚሊግራም ያህል ብረት አለ። ሆዴ ደረቀ፣ አቅለሸለሸኝ፣ ሰገራዬ ጠቆረ። መጥቆሩ የኪኒኑ እንደሆነ አዋላጇ አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ እንዴት እደነግጥ ነበር! ስቃዬን በክትትል ስነግራቸው ኪኒኑን አላስቆሙኝም፤ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አደረጉ። ብረት ሲዋጥ ሰውነት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል፤ እሱ ከፍ ባለበት ቀን አንጀት ከሚቀጥለው ኪኒን ብዙም አይቀበልም። አንድ ቀን ሲታለፍ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ከአንዱ ኪኒን የሚገባው ብረትም ይሻላል። ለእኔ ማቅለሽለሹም ቀለለልኝ። ይህ ግን በሐኪም የሚወሰን ነው፤ እጥረቱ የበረታባት ሴት ሌላ ሊታዘዝላት ይችላል።

ሻይና ቡና ብረቱን ይዘው ያስቀራሉ፤ ወተትና የካልሲየም ኪኒንም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቃቸዋለሁ። ኪኒኑን በብርቱካን ጭማቂ እውጠዋለሁ። ምስር ስበላ ቲማቲም ወይም ሎሚ አይለየውም፤ ቫይታሚን ሲ የእህልና የአትክልት ብረት በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። የኪኒኑ ጠርሙስ ያለው ትልቋ ልጄ ወንበር አምጥታ እንኳ በማትደርስበት ከፍታ ላይ፣ ተቆልፎ ነው። የብረት ኪኒን በብዛት የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል፤ ይህን እናቶች ሁሉ ቢያውቁት እላለሁ።

ባለፈው ክትትል ሄሞግሎቢኔ 11.1 ገብቷል፤ ደረጃውንም ሳላርፍ መውጣት ጀምሬያለሁ። ጎተራው ግን ገና ነው፤ ከወለድኩ በኋላም ለወራት እቀጥላለሁ። ባይጨምር ኖሮ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት እንዳለ ነግረውኛል። ስወልድ እትብቱ ወዲያው እንዳይቆረጥ፣ ሁላችንም ደህና ከሆንን ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ ጠይቄያለሁ፤ በዚያች ጊዜ ከእንግዴ ልጅ የሚሻገረው ደም ለሕፃኑ ተጨማሪ ብረት ነው። አዋላጇም በካርዴ ላይ ጽፋልኛለች።