480 ቤት፣ 24 ምንጭ፦ ቡትስትራፕ ስሠራ የተሳሳትኩት

ይህን ጽሑፍ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ፣ የማስተርስ ዲፌንሴን ጨርሼ እቤት ገብቼ ባላለቀስኩ ነበር። አልተጻፈልኝም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰው እኔ ልጻፈው።

የመመረቂያ ጽሑፌ በአንድ የገጠር ወረዳ ሰዎች ውሃ ቀድተው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ነበር። 24 መንደር፣ ከየመንደሩ በዕጣ የተመረጠ 20 ቤት፣ በድምሩ 480 ቤት። አማካዩ 52 ደቂቃ መጣ። አማካይ ብቻውን ግን አይበቃም። ሌላ 480 ቤት ጠይቄ ቢሆን ኖሮስ ስንት ይመጣ ነበር? 45? 60? ይህን ለማወቅ ተመልሼ ልጠይቅ ብል ገንዘቡም ጉልበቱም የለኝም።

ቡትስትራፕ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ ግማሹን አውቃችሁታል። 480ውን መልስ በ480 ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ቅርጫት ውስጥ ጨምሩ። አንዱን አውጡ፣ ቁጥሩን መዝግቡ። ከዕቁብ የሚለየው የወጣው ወረቀት ተመልሶ ቅርጫቱ ውስጥ መግባቱ ነው። እንዲህ 480 ጊዜ አውጥታችሁ አማካዩን አስሉ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። ሥራው የኮምፒውተር ነው። እናንተ የምታዩት እነዚያ አማካዮች ምን ያህል እንደተበታተኑ ነው።

አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጫን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከኤክሴል የመጣውን ዳታ ማጽዳት ሁለት ሳምንት። እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልዘርዝራቸው። ዕጣ የሚያወጣው፣ ሳምፕል የሚባለው የአር ትእዛዝ ካልነገራችሁት በቀር የወጣውን አይመልስም። እኔ ሳልነግረው ከ480 ውስጥ 480 አውጣ አልኩት፤ በየዙሩ ያው 480 ቤት ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀያይሮ ወጣ። ሺህ አማካይ አገኘሁ፣ ሺውም አንድ ቁጥር። ሪፕሌስ (የወጣውን መልስ) የሚለውን ትሩ (አዎ) አድርጉት። ሴት ሲድ የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ ሉፕ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውስጥ አታስገቡ። ሲድ የዘፈቀደ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚጀምሩ የሚወስን ቁጥር ስለሆነ፣ በየዙሩ ከጠራችሁት በየዙሩ ያው ዕጣ ይወጣል። ከሉፑ በላይ አንዴ ከተጻፈ ይበቃል። የተጠቀማችሁበትን የአር ቨርዥንም ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 3.6.0 ሳምፕል ዕጣ የሚያወጣበትን መንገድ ስለቀየረ፣ ያው ሲድ ከዚያ በፊት ባለው ቨርዥንና ከዚያ ወዲህ ባለው ላይ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። የላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ አሮጌው ነበር፣ ላፕቶፔ ላይ አዲሱ። ከጓደኛዬ ጋር ኮዱን ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ስንባባል አንድ ቀን ሙሉ ዋልን።

እነዚህ ስህተቶች ሲያጋጥሙ ፊት ለፊት ይታያሉ። የኔ ትልቁ ስህተት ግን የሚያምር ውጤት ነበረው።

10,000 ዙር ሮጦ አለቀ። ሂስቶግራሙ፣ የአማካዮቹን መበታተን የሚያሳየው ሥዕል፣ ቀጥ ያለ ደወል ሆነ። 95 በመቶው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ49 እስከ 55 ደቂቃ። በጣም ጠባብ! በስልኬ አንስቼ ለእህቴ ላኩላት። አማካሪዬ አየውና፣ “ጥሩ ነው፤ ግን ዙሩን ወደ 100,000 አሳድጊው፣ የበለጠ ጠንካራ ይሆናል” አለኝ። እሺ አልኩ። ኮዴ በየዙሩ ሠንጠረዥ እያስረዘመ የሚሄድ ደካማ ኮድ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ሮጠ፤ ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋና ባትሪው አልቆ ሁሉም ተሰረዘ። በማግስቱ ሌሊት እንደገና። ውጤቱ? ከ49 እስከ 55።

ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ዙሩን አሥር እጥፍ አብዝቼው ኢንተርቫሉ ንቅንቅ አላለም። ለምን? ዙር ማብዛት የሚቀንሰው የዕጣውን መወዛወዝ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን በቀስታ ነው የሚቀንሰው፤ በግማሽ እንዲወርድ ዙሩ አራት እጥፍ መሆን አለበት። የኢንተርቫሉ ስፋት የሚመጣው ግን ከዳታው ነው። ላፕቶፔ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ ያደረ ቢሆንም አንድም አዲስ ቤት ሄዶ አላንኳኳም። “የበለጠ ጠንካራ ይሆናል” የሚለው ምክር ልክ አልነበረም። እስካሁን ግን ለተማሪ ሁሉ ሲነገር እሰማለሁ።

ዲፌንስ ላይ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የመጣው ፈታኝ) ሂስቶግራሙን ትንሽ አየና ጠየቀኝ።

“በአንድ መንደር ያሉት 20 ቤቶች ከየት ነው የሚቀዱት?”

“ከመንደሩ ምንጭ።”

“ሃያዎቹም?”

“አዎ፣ ሃያዎቹም።”

“ታዲያ ያለሽ 480 መልስ ነው ወይስ 24?”

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ገና ሲጠይቀኝ ገብቶኛል። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ማታ የመስክ ደብተሬን አወጣሁ። ሰባተኛው መንደር ላይ ቤት ለቤት ይዘውኝ የዞሩት ሽማግሌ ያሉኝን በእጄ ጽፌዋለሁ፦ “አንቺ ልጅ፣ ምን ያደክምሻል? ውሃው አንድ፣ መንገዱ አንድ። አንዱን ቤት ጠየቅሽ ማለት ሁሉንም ጠየቅሽ ማለት ነው።” እኔ ደግሞ ከሥሩ አስምሬ፣ ጎኑ ላይ “ደስ የሚል አባባል፣ ለመግቢያው” ብዬ ጽፌያለሁ። እሳቸው የዳታዬን ትልቁን ችግር ፀሐይ ላይ ቆመው ነግረውኛል። እኔ ጌጥ አደረግኩት። ከአማካሪዬም ከማንም በላይ በራሴ የምናደደው በዚህ ነው።

ችግሩን በቁጥር ላሳያችሁ። የአንድ መንደር ቤቶች መልስ ይመሳሰላል። ምን ያህል እንደሚመሳሰል ከ0 እስከ 1 በሆነ ቁጥር ይለካል፤ በኔ ዳታ 0.5 አካባቢ ነበር። ከየመንደሩ 20 ቤት ሲጠየቅ፣ መረጃው በስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚነግረን ስሌት 1 + (20 − 1) × 0.5 ነው፣ ማለትም 10.5። 480ን ለ10.5 ብታካፍሉ 46 አካባቢ ይመጣል። 480 ቤት ጠይቄ የያዝኩት መረጃ እርስ በርስ በማይገናኙ 46 ቤቶች ከሚገኘው አይበልጥም። ኢንተርቫሌ ደግሞ በ10.5 ካሬ ሥር፣ በ3.2 እጥፍ ገደማ መስፋት ነበረበት።

የትምህርት ክፍላችን መመሪያ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? “ናሙናው በዘፈቀደ የተመረጠ ከሆነ ቢያንስ 1,000 ዙር ቡትስትራፕ ይሠራል።” ይኼው ነው። የኔ ናሙና በዘፈቀደ ነው የተመረጠው። ግን በሁለት ደረጃ፦ መጀመሪያ መንደር፣ ከዚያ ቤት። መመሪያው ስለ ዙር ብዛት ቁጥር ሰጥቶ፣ ዕጣው በምን መውጣት እንዳለበት አንድ ቃል የለውም። ክፍሉ ውስጥ በየዓመቱ የቤተሰብ ጥናት የሚሠራ ተማሪ አለ፤ ያን አንድ መስመር ለመጨመር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ማስተካከያው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ዕጣው በቤት መሆኑ ይቀርና በመንደር ይሆናል። ቅርጫቱ ውስጥ 24 የመንደር ስም ይገባል፤ እየተመለሰ 24 ጊዜ ይወጣል። ስሙ የወጣ መንደር 20 ቤቱን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ የወጣ ሁለት ጊዜ ይዞ ይመጣል፣ 40 መስመር ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ደግማችሁ አንብቧት፤ እኔ እሷ ላይ ሌላ አራት ቀን አቃጥያለሁ።

ያደረግኩት ይህ ነው። ስማቸው የወጣውን መንደሮች ከዳታው ለመምረጥ፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሐል ኢን ተብሎ የሚጻፈውን ትእዛዝ ተጠቀምኩ። ይህ ትእዛዝ የሚያየው መንደሩ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንዳለ አይቆጥርም። ሦስት ጊዜ የወጣው መንደርም አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። ኮዱ አይጮህም፣ ቀይ መልእክት የለም፣ ቁጥር ያወጣል። ስህተቱን የያዝኩት ከዲፌንሱ በኋላ ማንንም ስለማላምን፣ ራሴንም ጨምሮ፣ በየዙሩ የመስመሩን ብዛት ስላሳተምኩ ነው። 300። 320። 280። 300። 340። ሁልጊዜ 480 መሆን ሲገባው!

ለምን 300 አካባቢ? ከ24 ስም እየመለሳችሁ 24 ጊዜ ብታወጡ፣ የሚወጡት የተለያዩ ስሞች በአማካይ 15 ገደማ ናቸው። የቀሩት ድጋሚ የወጡ ናቸው። 15 ጊዜ 20፣ 300። ድጋሚዎቹ በሙሉ ተበልተው ነበር። ትክክለኛው መንገድ ዳታውን መጀመሪያ በስፕሊት በየመንደሩ ከፍሎ ሊስት ማድረግ፣ ከዚያ በወጣው ስም ከሊስቱ እየጠሩ በአርባይንድ ማያያዝ ነው። እንደኔ አማካይ ብቻ የምትፈልጉና ከየመንደሩ እኩል ቤት የወሰዳችሁ ከሆነማ ከዚያም ያጠረ አለ፦ የ24ቱን መንደር አማካይ አስሉና ከ24ቱ ቁጥር እየመለሳችሁ 24 አውጡ። መልሱ ያው ነው፣ ኮዱ ሁለት መስመር።

አዲሱ ኢንተርቫል፦ ከ42 እስከ 62 ደቂቃ። ከስድስት ደቂቃ ወደ ሃያ። 24 መንደር ትንሽ ስለሆነ ይህም ራሱ በመጠኑ ጠበብ ያለ ነው። ሳየው አስጠላኝ፤ ግን የምቆምለት ቁጥር ይሄ ነው።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምለውን ልንገራችሁ፤ መመሪያው ቢቃወመኝም ግድ የለኝም። 1,000 ዙር ለኢንተርቫል ጫፎች ያንሳል። 10,000 አድርጉና እዚያ ቁሙ፣ 100,000 ለሚላችሁ ሰው መብራታችሁን አታቃጥሉ። በቂ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ በሦስት የተለያየ ሲድ ሩጡት፤ ሪፖርት የምታደርጉት አሃዝ ካልተቀየረ በቅቷል። ከኮዱ በፊት ግን ዳታው እንዴት እንደተሰበሰበ በወረቀት ጻፉ። የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የታከሙ ሰዎች፣ ሦስት ወር እየተመላለሳችሁ የለካችሁት አንድ ሕፃን፤ እነዚህ ሁሉ እንደኔ መንደሮች የውሃ ምንጭ ናቸው፤ መልሶቹን ያመሳስላሉ። የጤፍ ዋጋ በየወሩ መዝግባችሁ ወራቱን እንደ ወረቀት ከበወዛችሁም ያው ነው፣ የዚህ ወር ዋጋ ያለፈውን ወር ተከትሎ ነው የሚመጣው። ዕጣው የሚወጣው አንዱ ከሌላው በማይገናኝበት ደረጃ ላይ መሆን አለበት።

ገና ዳታ ያልሰበሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። መንደር አብዙ፣ ቤት ቀንሱ። እኔ ከ24 መንደር 20፣ 20 ቤት ከምወስድ ከ48 መንደር 10፣ 10 ብወስድ ኖሮ፣ ያው 480 ቤት ሆኖ ኢንተርቫሉ ከ20 ደቂቃ ወደ 15 ይወርድልኝ ነበር። የመኪና ወጪው ይጨምራል፣ አውቃለሁ። አሥራ አንደኛውን ቤት ለማንኳኳት የምታወጡትን ሰዓት ግን ወደ ሌላ መንደር ለመሄድ ብታውሉት ይሻላል።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ከዲፌንሱ በፊት ቸኩዬ ማጠቃለያውን ውሃን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰጥቼ ነበር። ከ49 እስከ 55 የሚለውን ሠንጠረዥ አትመው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። የተስተካከለውን ይዤ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ሁለቱን አስተያየና፣ “አማካዩ ያው 52 አይደለም እንዴ? ታዲያ ምን ተቀየረ?” አለኝ። በቃል ማስረዳት አቃተኝ። ወረቀት ቀድጄ የ24ቱን መንደር አማካይ ጻፍኩና ባዶ የስኳር ዕቃ ውስጥ ከተን፣ እየመለስን 24 ጊዜ አወጣን። በስልኩ ደመረ፣ 47 መጣ። ድጋሚ፣ 58። ድጋሚ፣ 51። ሁለተኛው ላይ ዝም ብሎ ግድግዳውን አየ።

“ለኃላፊው አሳውቃለሁ” አለኝ። ይህ ከተባለ አራት ወር ሆነ፤ ሠንጠረዡ አልወረደም። በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። 24ቱ ወረቀቶች በፖስታ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።