ባለ ቀዳዳው ዛጎል፦ የመስካቲንን ታሪክ እንዴት እንደጻፍኩ

ልጄ ዛጎሉን ያገኘው በሚያዝያ ነው። የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ጎድሏል፤ እኛም ዳር ዳሩን እየሄድን ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ውስጥ መዳፍ የሚያህል ነገር አነሳ። በአንድ በኩል ጥቁርና ሻካራ ነው። በሌላው በኩል እንደ ዕንቁ ያብረቀርቃል። የገረመን ግን ቀዳዳው ነው። አምስት ክብ ቀዳዳ አለው፤ ሁሉም በሳንቲም ተለክተው የተቆረጡ ይመስላሉ። «እማዬ፣ ማን ነው የበሳው?» አለኝ።

አላወቅኩም። የምንኖረው አዮዋ ግዛት ውስጥ፣ መስካቲን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሕዝቧ ሃያ አራት ሺህ ቢሆን ነው። ያኔ ሦስት ዓመት ኖሬባታለሁ። ሥራ፣ ቤት፣ ልጅ፣ እንደገና ሥራ። ባሕር ዳር ሳድግ ታንኳ የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ዓሣ የሚሸጠው የማን ልጅ እንደሆነ አውቅ ነበር። እዚህ የማውቀው የወንዙን ስም ብቻ ነው። የልጄ ጥያቄ ከነከነኝ። በቀጣዮቹ ስምንት ወራት የከተማዋን ታሪክ በአማርኛ ጻፍኩ፤ ለልጄና ሌላ ከተማ ላሉ ወዳጆቼ። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ዛጎሉን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንዲት እናት አሉ፤ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ቁርሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ዛጎሉን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና «አባቴ» አሉ።

አባታቸው ቁልፍ ቆራጭ ነበሩ። የልብስ ቁልፍ ማለቴ ነው። ማታ ሲገቡ ልብሳቸው በዛጎል ብናኝ ነጭ ሆኖ ነው። እናታቸው ደጅ ላይ ሳያራግፉ አያስገቧቸውም። እማማም በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ያለቀለትን ቁልፍ ካርቶን ላይ ይሰፉ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው መርፌ እንደያዙ ሁሉ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ከዚያ በፊት ሌሎች ሽማግሌዎችን «የዚህች ከተማ ታሪክ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «እዚህ ምን ታሪክ አለ ብለሽ ነው!» ታሪክ ስጡኝ ሲባሉ ሰዎች ይጨነቃሉ። ዕቃ ስታስይዟቸው ግን ወሬው ራሱ ይመጣል። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ዛጎሉ ማንንም አልጠየቅኩም።

አንድ ጥፋት አጠፋሁ። በሁለተኛው ቀን ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። እማማ ወዲያው ዝም አሉ። ፈቃድ አልጠየቅኳቸውማ! ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሰዓቴ ውጭ እየሄድኩ፣ እሳቸውም «ጻፊ» ሲሉኝ ብቻ፣ በእጄ በደብተር እጽፍ ነበር። የቤተሰባቸውን ስም እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ አልጻፍኩም።

መሃል ከተማ የቁልፍ ሙዚየም አለ። ስንት ጊዜ በደጁ አልፌያለሁ! ገብቼ ግን አላውቅም። የእማማ ወሬ መልክ የያዘልኝ እዚያ ነው። ጆን ቦፕል የሚባል ጀርመናዊ ቁልፍ ሠሪ ነበር። በሀገሩ ከቀንድና ከዛጎል ቁልፍ ይሠራል። በ1887 ወደ አሜሪካ መጣ፤ ጥሩ ዛጎል ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ዞረ፤ በ1891 መስካቲን ውስጥ ሥራ ጀመረ። ጊዜው ተመቸው፤ አሜሪካ በ1890 ከውጭ በሚገባ ቁልፍ ላይ ከባድ ቀረጥ ጥላ ነበር። ከዚያ ከተማዋ ሁሉ ቁልፍ ሆነች። በ1905 መስካቲን 1.5 ቢሊዮን ቁልፍ አመረተች፤ ከዓለም ምርት ከሦስት እጅ አንዱን ያለፈ ማለት ነው። «የዓለም የዕንቁ ቁልፍ መዲና» ነበር የምትባለው።

አሠራሩን ለልጄ ስነግረው አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ። ዛጎሉ የእንስሳ ቤት ነው፤ እንስሳው ወንዙ ወለል ላይ በሁለት ክዳን ውስጥ ይኖራል። ጀልባው ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ዘንግ እየጎተተ ያልፋል። መንጠቆው ሲነካው እንስሳው ደንግጦ ክዳኑን ይዘጋል፤ በዚያው ነክሶ ተይዞ ይወጣል። የሚይዘው የራሱ ፍርሃት ነው። ከዚያ ይቀቀላል፣ ሥጋው ይወጣል፣ ዛጎሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይለሰልሳል። ቆራጩ እንደ ቱቦ ክብ በሆነ መጋዝ ክብ ክቡን ያወጣል። እኛ ያነሳነው ያ ትርፍራፊ ነው። ሌላው ሰው ክቡን ያሳሳል፣ ዓይን ያወጣለታል፣ ያለሰልሳል። መጨረሻ ላይ እንደ እማማ ያሉ ልጆች ካርቶን ላይ ይሰፉታል።

ቦፕል ማሽን አይወድም ነበር፤ በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሌሎች ግን ማሽን አመጡና ቀደሙት። ኋላ ላይ ወንዙ በዛጎል ለቀማ ሲራቆት፣ በከተማዋ አቅራቢያ ፌርፖርት ላይ እንስሳውን ለማራባት የተቋቋመ የመንግሥት ጣቢያ ውስጥ ተቀጠረ። ወንዝ ውስጥ ሲሠራ ዛጎል እግሩን ቆረጠው፤ ቁስሉ መረዘና በ1912 ሞተ። ይህን ያነበብኩ ቀን ብዙ ሰዓት አልሠራሁም። ያገነነው ዛጎል ገደለው።

ሙዚየም የሚያምረውን ያሳያል። የሚያመውን ያገኘሁት ሙሰር በሚባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ ጋዜጦች ማይክሮፊልም (ገጾቹ በትንሹ ፎቶ የተነሱበት ፊልም) ላይ ነው። በ1911 ሠራተኞቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ ፋብሪካዎቹ ተዘጉባቸው፣ አድማ ሆነ፣ የግዛቱ ገዥ ሚሊሻ ላከ። ከፊት ከተሰለፉት መካከል ፐርል ማክጊል የምትባል ለጋ ወጣት ነበረች። ጣታቸውን በማሽን ስለሚያጡ ልጆች፣ በስህተት ስለሚቆጠር ምርት ስትናገር ነበር። ለማይክሮፊልም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ በስንት ዓመተ ምሕረት ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ አትግቡ። የመጀመሪያውን ሙሉ ቅዳሜ በከንቱ አቃጥዬዋለሁ።

አሁን ወደ አሌክሳንደር ክላርክ ልምጣ። ስሙን ያገኘሁት ቁልፍ ስፈልግ ነው፤ ጽሑፌን ግን እሱ ገለበጠው። ክላርክ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1842፣ ገና ልጅ እያለ፣ እዚህ መጥቶ ፀጉር አስተካካይ ሆነ፤ ለእንፋሎት መርከቦችም ማገዶ ይሸጥ ነበር። በ1867 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ሱዛንን ትምህርት ቤት ላካት። «የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሌላ ነው» ብለው መለሷት። ክላርክ ከሰሰ። በ1868 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሱዛን ፈረደላት፤ ትምህርት ቤት ልጅን በዘሩ ሊመልስ አይችልም አለ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያ የደረሰው በ1954 ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመት ቆይቶ!

ጥቁር ልጅ በዚህች ከተማ ለማሳድግ እናት ይህ ወሬ ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ሌሊት ላይ ነው የጻፍኩት። በስሜት ስለነበርኩ «በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክስ» ብዬ ጻፍኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በእርጋታ አረመችኝ። ቦስተን ላይ ከዚያ በፊት ሌላ አባት ለልጁ ከስሶ በ1850 ተሸንፏል። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። እውነቱ እንደሆነ ማጋነን አያስፈልገውም፤ ሌላው አባት በተሸነፈበት ነገር እሱ አሸንፏል።

ክላርክ በ1890 የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ላይቤሪያ ተላከ፤ በዓመቱ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ ግን ወደ መስካቲን ተመልሷል። ግሪንውድ መቃብር ሄደን ልጄ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበው። ከተማዋ ዛሬ አንድ ትምህርት ቤቷን በሱዛን ስም ትጠራለች። ልጄ አንድ ቀን የሚማርበት ሊሆን ይችላል።

ሌላውን በአጭሩ ጻፍኩት። ፕላስቲክ መጥቶ የዛጎል ቁልፍን እንዳጠፋው፤ ከ1893 ጀምሮ የሃይንዝ ፋብሪካ እዚህ እንዳለ፤ የቻይናው ሺ ጂንፒንግ በ1985 ወጣት ሹም ሳሉ መጥተው ሰው ቤት እንዳደሩና በ2012 ተመልሰው እንደጠየቁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላው ነው። ሽማግሌዎቹ ጊዜን በጎርፍ ይቆጥራሉ፤ «ከ1965ቱ በፊት»፣ «ከ1993ቱ በኋላ» ይላሉ። በነሐሴ የመስካቲን ሜሎን የሚባለው ጣፋጭ ፍሬ ሲደርስ መንገድ ዳር የሚሸጡት ገበሬዎች ልክ እንደኛ ሀገር «ቅመሽው፣ ካልጣፈጠሽ አትግዢ» ይላሉ። ማታ ማታ ሰዉ መኪናውን ወንዙ ዳር አቁሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል። ማርክ ትዌይን ወጣት ሳለ ጥቂት ጊዜ እዚህ ኖሮ ነበር፤ ጀንበሯን ኋላ ላይ አመስግኖ ጽፏል። እኔም ሦስት ዓመት አለፍኳት፤ አሁን ግን ቆሜ አያታለሁ።

ጽሑፉ ሃያ ሁለት ገጽ ሆነ። በታኅሣሥ አትሜ ለእማማ ወሰድኩላቸው። አማርኛ አይሰሙም። «በቋንቋሽ አንብቢልኝ» አሉኝ፤ የአባታቸውን ገጽ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ዛጎሉን ጠየቁኝ። ልጄን አስፈቅጄ ስለነበር ሰጠኋቸው፤ መስኮታቸው ላይ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል አስቀመጥኩላቸው። ልጄ በሚቀጥለው ሚያዝያ ሌላ እንደሚያገኝ ነግሯቸዋል።