እናቴ ያልሳመችኝ ሳምንት

ዘንድሮ ለትንሣኤ ደብረ ብርሃን የገባሁት በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ዕለት ነበር። እናቴን ካየኋት ዓመት ከስድስት ወር አልፎኛል። በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ ልስማት ጎንበስ ስል ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አለች። «ሕማማት ነው እኮ ልጄ። እሑድ እስምሃለሁ።»

ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠ በዚህ ሳምንት ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ እንደሚቀር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ይህን ማወቅና አምስት ቀን ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር እናትን ሳይስሙ መሰንበት ግን ለየቅል ናቸው። ሰው ሁሉ ፋሲካን ሲያነሣ ዶሮውንና በጉን ያስቀድማል። እኔ የበዓሉን ጣዕም ያገኘሁት በዚያ ናፍቆት ውስጥ ነው።

ሐሙስ ጉልባን አብረን በላን፤ እናቴ ከዚያ በኋላ አክፍሎት ያዘች። እህልም ውኃም የለም። ዓርብ ጉልበቷን እያመማት ስትሰግድ ዋለች። «ትንሽ ዕረፊ» ብላትም አልሰማችኝም፤ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻዋን ቸብ ቸብ ሲያደርጉላት እንደ ሕፃን አንገቷን ደፋች። ቅዳሜ ጠዋት «ገብረ ሰላም በመስቀሉ» እየተባለ የታደለውን ቄጠማ ግንባሯ ላይ አሰረች። በሌላው ጊዜ ቅዳሜ ከእህልና ከውኃ ተከልክሎ አይዋልባትም፤ በዓመት አንዴ፣ በዚህች ዕለት ብቻ ስለምትጾም ቀዳም ሥዑር፣ የተሻረች ቅዳሜ ተባለች። ይህን የነገረችኝም እሷው ናት።

ሌሊት ጧፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲለኮስ፣ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባልና ሕዝቡ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ሲመልስ፣ የእናቴ ድምፅ ከጎኔ ተሰማኝ። ቀጭን ነው፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ቀን የተራበና የተጠማ ሰው እንዲህ ሊዘምር መቻሉ ያስደንቀኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ደረስን። ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቃል፤ እህቴ ለእናታችን በመጀመሪያ የምትጠጣውን ተልባ በብርጭቆ አቀረበችላት። እናቴ ብርጭቆውን አልተቀበለችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ወደ እኔ መጣችና ግንባሬን፣ ሁለት ጉንጬን፣ እንደገና ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «አሁን እንኳን ደህና መጣህ» አለችኝ።

ተልባውን ያነሣችው ከዚያ በኋላ ነው።