ካሽ ሬጅስተሩ ሲቀድም፣ መደርደሪያው ሲቀር

አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ የሆነ ነው። እርጎ ቀን ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝ 20 በመቶ ይቀንሳል፤ ማምሻውን ሰው ሲበዛ ወደ መደበኛ ዋጋው ይመለሳል። የሚቀይረው ሲስተሙ ራሱ ነው፣ የሠራተኛ እጅ የለበትም። አንድ ምሽት ካሸሮቹ ጋ ወረፋው ቀጥ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የታየው ዋጋ ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ የወጣው ሌላ።

መደርደሪያው ላይ ዋጋውን የሚያሳዩት ታጎች፣ ማለትም በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ኤሌክትሮኒክ የዋጋ መለያዎች ናቸው። መቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ሁሉም ታግ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ግን የሚናገረው ሰርቨሩ አዲሱን ዋጋ ወደ ጌትዌዩ፣ ለታጎቹ በሬዲዮ ወደሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ መላኩን ብቻ ነበር። ታጉ ተቀብሎ ስክሪኑን መቀየሩን የሚያሳየው መልስ ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ ያንን ገጽ ደግሞ የሚከፍተው የለም።

እንዲህ ሲሆን ማቀዝቀዣው ፊት ቆሞ የሙከራ ለውጥ መላክ ይሻላል። ጤነኛ ታግ ዋጋ ሲቀይር ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ያለው በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል፤ ቀይ ቀለም ያለው 15 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይፈጃል፣ ብርድ ላይ ይብሳል። ከእርጎዎቹ ታጎች ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። ባትሪያቸው ደክሟል፤ የታጉ ስክሪን የተሠራበት ኤሌክትሮኒክ ወረቀት ግን ምስሉን ይዞ ለመቆየት ኃይል ስለማይፈልግ የድሮው ዋጋ ጥርት ብሎ ይታያል። የሞተውን ከጤነኛው በዓይን መለየት አይቻልም።

ባትሪው ወጥቶ በመልቲሜትር ሲለካ ወደ 3 ቮልት ያሳያል፣ ደህና ይመስላል። ሲአር 2450ን የመሰለ ክብ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ ያታልላል። ቮልቴጁ የሚወርደው ሬዲዮው ሲነሳና ስክሪኑ ሲታደስ ነው፤ ቅዝቃዜ ውስጥ የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ስለሚጨምር የባሰ ይወርዳል። ለታግ የሚነገረው የ5 ዓመት የባትሪ ዕድሜም በቀን ጥቂት ለውጥ ታስቦ ነው። ፍላጎትን እየተከተለ በቀን አሥር ጊዜ የሚቀያየር ዋጋ ያንን ሒሳብ ያፈርሰዋል። ለፍሪዘር ደግሞ ተራው ታግ ጭራሽ አይሆንም፤ ለብርድ የተሠራ የራሱ አለው።

ባትሪ መቀየሩ ግን የችግሩን ጫፍ ነው የነካው። ሲስተሙ ካሽ ሬጅስተሩንና ታጎቹን እኩል ያዛል፤ ካሽ ሬጅስተሩ ወዲያው ይቀይራል፣ ታጎቹ በየተራቸው ነው የሚነቁት። ታጎቹ ሁሉ ደህና ቢሆኑ እንኳ እርጎውን ቀድሞ ቅርጫቱ ውስጥ የከተተ ደንበኛ አለ። ስለዚህ ዋጋ ሲቀንስ ካሽ ሬጅስተሩ ይቅደም፣ ታጉ ይከተል። ሲጨምር ግን ታጉ ይቅደም፤ መልሱ ከሁሉም ታግ ይመለስ፤ ደንበኛው ዞሮ እስኪከፍል ይጠበቅ፤ ከዚያ ካሽ ሬጅስተሩ። መልስ ያልሰጠ አንድ ታግ እንኳ ካለ ያ ዕቃ በድሮው ዋጋ ይሸጥ።

ምን ያህል ይጠበቅ ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም፤ መደብር ውስጥ ሰዓት የሚፈጅ ገዢ አለ። የኖርዌዩ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሬማ 1000 ቀን ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ጭማሪው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህ የማምሻውን ጭማሪ ያስቀራል። ይቅር፤ ካሸር ፊት ከሚነሳ ጭቅጭቅ ይሻላል።

የዚያ ምሽት አራተኛው ታግ ሌላ በሽታ ነበረው። ባትሪው ደህና ነው፣ ዋጋውም ተቀይሯል፤ ግን የጎኑ ዕቃ ዋጋ ነው። መደርደሪያው ሲስተካከል ታጉ ብቻውን ተነቅሎ ተሰክቷል። ቦታ የሚቀይር ሰው በእጅ ስካነሩ መጀመሪያ የታጉን፣ ቀጥሎ የዕቃውን ባርኮድ አንብቦ እንደገና ማገናኘት አለበት፤ ከዚያም ታጉ ላይ የወጣውን የዕቃ ስምና መጠን ከፓኬቱ ጋር ያስተያይ።