450 ወይስ 400? አንዱን ይምረጡ

ባለ ሁለት አፈሙዝ ከባድ የአደን ጠመንጃ ልገዛ ነው ባልኩ ጊዜ ስለ ኃይሉ ያልነገረኝ፣ ትከሻን ወደ ኋላ በሚመታው ምቱ ያላስፈራራኝ ሰው አልነበረም። ስለ ስሙ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት ልክ፣ እንግሊዞች በኢንች የሚጠሩት) መርጦ የፈቃድ ወረቀት ሊያወጣ ያሰበ ሰው ካለ፣ እኔ ባሕር ዳር ላይ ያየሁትን መከራ ሳያይ እንዲገዛ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ደቡብ ነው። አዳኝ እንግዶችን ይዤ ወደ ኦሞ እወርዳለሁ፣ ክረምቱን ቤቴ ባሕር ዳር አሳልፋለሁ። (የማወራው መንገዱ ሁሉ ክፍት ስለነበረበት ጊዜ ነው።) እንግዳው ጎሽ ካቆሰለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተከትሎ የሚገባው መሪው ነው። የቆሰለ ጎሽ ብዙ ጊዜ ዞሮ የራሱን ዱካ እያየ ይጠብቃል፤ ሲመጣ ደግሞ ቃታ ስቦ ሁለተኛ ጥይት ለማጉረስ ፋታ አይሰጥም። ጎን ለጎን ሁለት አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ ሁለት ምላጭና ሁለት መምቻ ስላለው፣ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው አለ። ባለ ቃታ ከሆነው ደግሞ በቁመቱ ያጥራል፤ ጫካ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጎቴ አልተዋጠለትም። ዕድሜውን ሙሉ ምንሽር ትከሻው ላይ ያደረ የጎጃም ሰው ነው። «አንድ አፍ ያልበቃው ተኳሽ፣ ሁለት አፍ ቢሰጡት ምን ይፈይድለታል?» አለኝ። ቀጥሎም የጣና ዳር ነገደ ወይጦዎች ጉማሬን በደንገል ታንኳ ሆነው በጦር ይጥሉት እንደነበር እያነሳ ሲያሳፍረኝ ዋለ።

ወደ ካሊበሩ ልግባ። መጀመሪያ የወሰንኩት ቀለሁ ከንፈር፣ ማለትም ከታች ወደ ውጭ የወጣ ክብ ጠርዝ፣ ያለው መሆን እንዳለበት ነው። ተሰብሮ በሚከፈት ጠመንጃ ቀለህ ማውጫው የሚይዘው ያንን ከንፈር ነው። ከንፈር ለሌለው ጥይት የተሠሩም አሉ፤ በትንሽ ስፕሪንግ የሚገፋ ጥፍር ቀለሁን ይዞ እንዲያወጣ ተደርጎ። ጎሽ ፊት ለፊት ቆሞ በትንሽ ስፕሪንግ የሚተማመን ይተማመን፣ እኔ የለሁበትም።

ከዚያ በኋላ ፊቴ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። 9.3×74አር ጀርመናዊ ነው፣ ስሙም በሚሊ ሜትር፤ 286 ግሬን (15 ግሬን አንድ ግራም ግድም ነው) አረር፣ ቀላል ምት። ለድኩላና ለአጋዘን ግሩም ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ግን ለጎሽ የሚፈቀደው ትንሹ ካሊበር .375 (9.5 ሚሊ ሜትር ግድም) ስለሆነ፣ የቆሰለ ጎሽ ለሚያስቆም መሪ ከድንበሩ በታች ይሆናል። .500 ኒትሮ ኤክስፕረስ (ጭስ አልባ ባሩድ ያለው ኃይለኛ የአደን ጥይት) 570 ግሬን በሰከንድ 655 ሜትር ግድም ይወረውራል፤ የሚተኩሰውን ሰው ትከሻም አብሮ። እኔ ቀጭን ሰው ነኝ፣ ተውኩት። ሁሉም የሚመክረው .470 ነው፤ 500 ግሬን በዚያው ፍጥነት። በመጨረሻ የቀረው .450/400 ባለ 3 ኢንቹ (የቀለሁ ርዝመት ነው) ነው፤ 400 ግሬን፣ በሰከንድ 625 ሜትር ገደማ። በወረቀት ላይ ከ.470 ያነሰ ኃይል አለው። ነገር ግን አረሩ ረዘም ቀጠን ያለ ስለሆነ ጠልቆ ይገባል፣ ጠመንጃው ይቀላል፣ ሁለተኛው ጥይት ቶሎ ይከተላል። የመጀመሪያውን ተኩሶ ትከሻውን የሚያሽ ሰው ሁለት አፈሙዝ ባይይዝም ይችላል።

እሱን መረጥኩ። ዛሬም እንደ ጠመንጃ ከእሱ የተሻለ አልመረጥኩም እላለሁ። አገር ለቆ ሊሄድ የተነሳ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ አዳኝ የቆየ እንግሊዝ ሥራ ነበረው፤ ሰደፉ እንደ ልኬ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ዋጋ ተስማማን። የቀረው የስም ዝውውር ብቻ ነው አልን።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ወጣቱ ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ጉቦ አልጠየቀኝ፣ ድምፁን አላነሳብኝ። በጠመንጃው የድሮ ደብተር ላይ በእጅ ጽሑፍ «የእንግሊዝ ባለ ሁለት አፍ፣ 400» ይላል። እኔ ማመልከቻዬ ላይ በርሜሉ ላይ ያየሁትን 450/400 ጽፌያለሁ። ልጁ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ትንሽ አሰበና፣

«ጋሼ፣ 450 ወይስ 400? አንዱን ይምረጡ» አለኝ።

የሚመረጥ ነገር እንዳልሆነ አስረዳሁት። የ.450 ቀለህ ነበረ፣ አንገቱን አጥብበው .400 አደረጉት፣ ስሙ ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ራሱን ነቀነቀ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

«እንግዲያውስ 450ው ድሮ የነበረ ነው። አሁን 400 ነው።»

400 ብቻ ከተጻፈ አደጋ አለው አልኩት። .450/400 ራሱ ከአንድ ዓይነት በላይ ነው፤ ባለ 3 ኢንች አለ፣ ባለ 3 ከሩብ ኢንች አለ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ርዝመቱም ይጻፍ። ቅጹን አዙሮ አሳየኝ፦ «ካሊበር (በሚሊ ሜትር ብቻ)»፣ ከጎኑ ሁለት አሃዝ የምትይዝ ጠባብ ሳጥን። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ክላሽንና ሽጉጥ እንጂ ሌላ መሣሪያ በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ያቺ ሳጥን ትመሰክራለች።

እሺ፣ ሚሊ ሜትር። .400ን በ25.4 ሲያባዛ 10.16 መጣ። እኔ የጥይት ሠሪዎቹን ሰንጠረዥ አሳየሁት፤ የአረሩ ውፍረት 10.4 ይላል። ለመገላገል በእጃችን እንለካው ተባለና በባጃጅ ሄጄ ከአንድ ጋራዥ መለኪያ ተውሼ መጣሁ። አፈሙዙን ስንለካው 10.2 ሆነ። ይህ ትክክል ነው፤ በርሜል ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለ ከጫፍ ሲለካ ጠባቡ ነው የሚገኘው፣ አረሩ የሚሞላው ግን ቦዩን ጭምር ነው። ይህን ለአጎቴ ብነግረው በአንድ ትንፋሽ ይገባው ነበር። ልጁ ግን ሦስት ቁጥር ተደርድሮ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ እኔ ለእሱ የሆነ ነገር የምደብቅ ሰው ነበርኩ።

«ለመሆኑ ይህን ያህል መሣሪያ ለምንድን ነው? ለጣና ጉማሬ ነው?»

ይህን ጥያቄ ከበሩ ዘበኛ ጀምሮ ያልጠየቀኝ የለም። ባሕር ዳር ከባድ ጠመንጃ ሲባል ሰው የሚያስበው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ብቅ እያለ እህል የሚበላውን ጉማሬ ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እዚህ ጠመንጃዬን ከማኅደሩ አላወጣም፣ ሥራዬ ኦሞ ነው አልኩ። ልጁ «ኦሞ ከሆነ ለምን እዚያ አያስመዘግቡትም?» አለ። መታወቂያዬ የባሕር ዳር ስለሆነ ወደዚህ የላኩኝ እነሱው ናቸው።

ወደ ኃላፊው ተመራሁ። ኃላፊው ማመልከቻውን ሳያነብ «ሌላ መጠሪያ የለውም?» አለኝ። አለው፤ .400 ጄፍሪ ይባላል፣ ጥይቱን ባወጣው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ስም። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«በአንድ መታወቂያ ሦስት ስም ያለው ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ ሳልጠየቅ ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሪግቢ የተባለው ጠመንጃ ሠሪ .450 ኒትሮ ኤክስፕረስን ሲያወጣ ነገሩ ሁሉ ቀላል እንደነበር፤ በ1907 እንግሊዞች የ.450 ጥይት ወደ ሕንድና ወደ ሱዳን እንዳይገባ እንደከለከሉ፤ ምክንያታቸውም አማፂዎቹ የማረኩት ማርቲኒ ሄንሪ የተባለው የጦር ጠመንጃ ያንን ካሊበር ስለሚተኩስ እንደነበር ነገርኩት። ጠመንጃ ሠሪዎቹም ክልከላውን ለማለፍ .465፣ .470፣ .475፣ .476 እያሉ ቁጥር በቁጥር ላይ አራቡ፤ ጎሹም ዝሆኑም ልዩነቱን አያውቁትም። «ይህ ሁሉ ቁጥር የመጣው ከመተማ ማዶ አንድ ሹም በፈረመው ወረቀት ነው» አልኩት። ጥሩ ንግግር ነበር፣ ዛሬም እኮራበታለሁ። የጠቀመኝ ነገር ግን የለም። ኃላፊው የሰማው «አማፂ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው መሰለኝ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እንዲቀርብ መራው።

ተጣርቶ ሲቀርብ ክረምቱ እያለቀ ነበር። የወጣው ወረቀት «ጄፍሪ፣ 10 ሚ.ሜ» ይላል። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። የጥይቱ ወረቀት ለብቻው በሌላ ክፍል የሚሠራ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ ትጉህ ሆነና «ጄፍሪ» የሚለውን ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘውን ጻፈበት፦ .404 ጄፍሪ።

.404 ጄፍሪ ፈጽሞ ሌላ ጥይት ነው። ከንፈር የለውም፣ ለባለ ቃታ ጠመንጃ የተሠራ ነው፣ አረሩም ከእኔው ይወፍራል። ጥይቱን እንዲያስመጣልኝ ቀብድ የከፈልኩት አስመጪ ወረቀቱን ዓይቶ .404 አመጣ። ይህ አይደለም ስለው «እኔ የማመጣው ወረቀቱ የሚለውን ነው» አለ። በሕግ ልክ ነው። ቀብዱም በሕግ ልክ ቀረ። የጥይቱን ክፍል ባለሙያ ሄጄ ሳናግረው ደግሞ እኔኑ ገሠጸኝ፦ በስም አንድ፣ በቁጥር አራት ብቻ ለሚበልጥ ጥይት ይህን ያህል መነታረክ ምን ይባላል? ይህን ያለው ሰው መሣሪያ የሚፈቅድ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የዚያን ዓመት ኦሞ የወረድኩት የድርጅቱን ባለ ቃታ .375 ተውሼ ነው። የእኔው ጠመንጃ ባሕር ዳር ሳጥን ውስጥ፣ ጥይት አልባ።

የፈታችው መዝገብ ቤት ያለች፣ ጡረታ የቀረባት ሴት ናት። አንዲት ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ «ልጄ፣ አንተ አታስረዳ። ብረቱ ራሱ ይናገር።» በርሜሎቹን ከሰደፉ አውጥቼ ሆዳቸውን አነሳሁ፤ የፍተሻ ማኅተሞቹ ያሉት እዚያ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት በትልቁ አሳትሜ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዤ፣ «በመሣሪያው ላይ በተመታው መሠረት» የምትል ሐረግ ጨመርኩ። ቁጥሩን አንድም ሰው አልተከራከረበትም። ያ ጨዋ ልጅ ራሱ ጠባቧን ሳጥን አልፎ በኅዳጉ ላይ 450/400፣ 3 ኢንች ብሎ ጻፈው።

ስለዚህ ቅጹ «በሚሊ ሜትር ብቻ» ቢላችሁም አትስሙት። በርሜሉ ላይ የተመታውን እንዳለ ጻፉ፣ ሚሊ ሜትሩን ከፈለጉ ራሳቸው ይጨምሩ። ሌላ መጠሪያ አለው ወይ ስትባሉ የለውም በሉ። የጥይት ወረቀት ከመሣሪያው ወረቀት ጋር ካልተመሳከረ ቀብድ አትክፈሉ። እንግሊዝ ሥራ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በድሮዎቹ ሆድ ላይ የባሩዱና የአረሩ ክብደት ጭምር ይመታል። የእኔው ላይ አረሩም 400 ግሬን ስለሆነ፣ 400 የሚለው ቁጥር በሁለት ትርጉም ተቀምጧል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ፎቶው ላይ በቀስት አመልክቱ።

ትክክለኛው ጥይት ሲገኝ ደግሞ እንደ ደረሰ ይዛችሁ አትውጡ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ሁለት በርሜሎች ወደ አፋቸው እየተቀራረቡ ነው የሚሄዱት፤ ሠሪው አንድ ዓይነት ጥይት ይዞ፣ የሁለቱም ምት አንድ ቦታ እስኪያርፍ አስተካክሎ ነው የሚበይዳቸው። ቀኝ በርሜል ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፣ ግራው ወደ ግራ። ጥይቱ ከተለመደው ከዘገየ ምቶቹ ይራራቃሉ፣ ከፈጠነ ይጠላለፋሉ። ሙቀት ባሩዱን ያፈጥነዋል፤ ለዚህ ነው እንግሊዞች ለሞቃት አገር ባሩዱን ቀነስ ያደርጉ የነበረው። እኔም የመጀመሪያዎቹን የተኮስኩት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ባሕር ዳር ሳይሆን የኦሞ ሙቀት ውስጥ ነው፤ በ50 ሜትር ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መዳፍ ይሸፈኑ ነበር።

እኔ .450/400ዬን አልለቅም። እናንተ ግን .470 ግዙ። ምቱ ይበልጣል፣ ይከብዳል፣ ነገር ግን ስሙ አንድ ቁጥር ነው፣ የቀለሁ ርዝመት አንድ ነው፣ ከሁሉም የጥይት ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራውም እሱ ነው። እሱም ቢሆን ሚሊ ሜትር ላይ ያታልላል፤ በስሙ ካሰላችሁት 11.94 ይመጣል፣ አረሩ ግን ከ12 ትንሽ ያልፋል። ከሁሉም ስሙና ልኩ በሚሊ ሜትር የሚገጥመው 9.3×74አር ነው፤ ሳጥኗ ውስጥ ያለ ክርክር ይገባል። ለድኩላ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ እሱን ውሰዱ።