ጥለቱ ወዴት ዞረ? ድራማን በምስሉ የማነብበት መንገድ

አንድን የድራማ ክፍል ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ቀጥሎ ድምፁን ዘግቼ ለምስሉ ብቻ። ንግግሩ ሲጠፋ ዓይን ከተዋናዩ አፍ ይነሳና ልብሱ፣ እጁ፣ መቀመጫው ላይ ያርፋል።

ዩቲዩብን በኮምፒውተር ሳይ ቪዲዮውን አቆምና በኮማና በነጥብ ቁልፎች አንድ አንድ ፍሬም ወደ ኋላና ወደ ፊት እሄዳለሁ። በስልክ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.5 ማውረድ ይበቃል። ደብተሬ አራት ዓምድ አለው፤ ደቂቃው፣ ዕቃው፣ ማን ጋ እንዳለ፣ ካለፈው ምን እንደተለወጠ። ዋናው አራተኛው ነው። ዕቃ ስለታየ ብቻ ምልክት አይሆንም፤ ታሪኩ ሲዞር አብሮ ከተለወጠ ግን ታስቦበታል። ቢያንስ ሦስት ቦታ ሳላገኝ አልመዘግበውም።

በአገርኛ ድራማ ከሁሉ አብዝቶ የሚናገረው ነጠላ ነው። በደስታ ጊዜ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሐዘን ተዘቅዝቆ ወደ አንገት ይወጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ይደገደጋል። እንግዲህ መርዶ ያልሰማች ሚስት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከታየች፣ ካሜራው ሞቱን ቀድሞ ነግሮናል። ከመርዶው በኋላም እንደ ወትሮዋ ለብሳ ከታየች ሁለት ንባብ አለ፦ ወይ ሐዘኑን አልተቀበለችም፣ ወይ የልብስ ባለሙያው ስቷል። የሚለየን የለቀስተኞቹ አለባበስ ነው። እነሱ ዘቅዝቀው እሷ ብቻ ከቀረች ሆን ተብሎ ነው፤ ሁሉም እንደ ወትሮው ከለበሱ ግን ስህተት ነው፤ ትርጉም አንፈልግለትም።

ቡናም እንዲሁ ነው። አዘጋጆች ጊዜ ለመቆጠብ ብዙውን ጊዜ አቦሉን ብቻ ያሳያሉ። ቶናውና በረካው ከታዩ፣ በተለይ አንዱ እንግዳ ከበረካው በፊት ብድግ ካለ፣ ምርቃቱ አልደረሰውምና ስሙን ጽፌ ቀጣዩን ክፍል እጠብቃለሁ። የመቀመጫ ከፍታም መታየት አለበት፤ በርጩማ ላይ የነበረው ሰው መደብ ላይ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ ሥልጣን ተዛውሯል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታውን ሳያውቅ ሲተረጉም ነው። ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት በሰሜን ሸዋው ጣርማ በር ላይ የተቀረጸ ትዕይንት ውስጥ ጉም ካለ ወዲያው «የገጸ ባሕርይው ግራ መጋባት ነው» ይባላል። እዚያ ጉም ከቆላው ሽቅብ የሚወጣ የዘወትር አየር ነው። ምልክት የሚሆነው ሰውየው ሲዋሽ መጥቶ ሲናዘዝ ከተገፈፈ ነው። ደብረ ብርሃንም ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ምሽት ላይ አፉን በጋቢ የሸፈነ ሰው ምስጢር የደበቀ ሳይሆን ብርድ የመታው ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያሉት ተከናንበው እንደሆነ ማየት ነው። እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ የሚባለው ደጋ ውስጥ ደግሞ ጅባራ አለ፤ ለዓመታት ኖሮ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል። ያበበ ጅባራ አጠገብ የቆመ ሽማግሌ ጠንካራ ምስል ነው፤ ግን ጓሳ ላይ ካሜራ የተከለ ሁሉ ጅባራ ማስገባቱ አይቀርም። ስለዚህ ፎከሱ ተክሉ ላይ ያርፍ እንደሆነ፣ ለብቻውም የተነሳ ሾት እንዳለው አረጋግጣለሁ።

ስፖንሰርን አትርሱ። አዲስ ሶፋ በየክፍሉ ከፊት ለፊት ከታየና የመደብሩ ስም መጨረሻ ላይ ከመጣ ማስታወቂያ ነው፤ ከደብተሩ ይሰረዝ።

በአማርኛ ድምፅ የሚተላለፉትን የቱርክ ድራማዎች በእኛ ልማድ ማንበብ ደግሞ ያስታል። ሙሽራዋ ወገብ ላይ አባቷ ወይም ወንድሟ የሚያስራት ቀይ ጥብጣብ የድንግልና ምልክት ነው። ሰማያዊው የመስታወት ዓይን ከሰው ዓይን ይጠብቃል ይባላል፤ ከተሰበረ ክፉውን ተቀብሎ ነው ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ ሲሰበር ማን ማንን እያየ እንደነበር ወደ ኋላ መልሶ ማየት ያስፈልጋል። ለሽምግልና የመጣው ወጣት ጨው የገባበትን ቡና ፊቱን ሳያጨማድድ ከጠጣ ትዕግሥቱን እያስመሰከረ ነው፤ ቡናው ተበላሽቶ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ትዕይንቱን ላላየ ሰው ያለ ድምፅ አሳየውና «ምን አየህ?» እለዋለሁ፤ የራሴን ንባብ ቀድሜ አልነግረውም። ዕቃውን ሳልጠቁመው ከጠራው በንባቤ እጸናለሁ። ካልጠራው ግን ዓምዱ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ እስከሚቀጥለው ክፍል አቆየዋለሁ።