ሕልሙ የት ሄደ?

በሳምንት ሁለት ቀን የሚተላለፍ የ25 ደቂቃ የሬዲዮ ትረካ ነበር። ተራኪው በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ያነባል፤ ስለዚህ ለአንድ ስርጭት 2,500 ቃል ይበቃል። መጽሐፉ የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰባት ምዕራፍ ሲኖረው የተመደበለት አምስት ስርጭት ብቻ ስለነበር ማሳጠር ግድ ሆነ።

ወጣቷ አዘጋጅ ያደረገችው በየስቱዲዮው የሚደረገውን ነው፤ ድርጊቱን ወደፊት የማይገፋውን ሁሉ አወጣች። ዋናው ገጸ ባሕርይ ራስኮልኒኮቭ ከሰካራሙ ከማርሜላዶቭ ቤት ሲወጣ የያዛትን የመዳብ ሳንቲም መስኮቱ ደፍ ላይ ጥሎ መሄዱ ወጣ። የእናቱ ረጅም ደብዳቤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የባዝራዋ ሕልም ጨርሶ ተሰረዘ። መጥረቢያው፣ ካፖርቱ ውስጥ የተሰፋው ማንጠልጠያ፣ ከቤቱ እስከ አበዳሪዋ አሮጊት ደጃፍ ያለው 730 እርምጃ ግን አልተነካም። የተቆረጠውን ለማያያዝም በራሷ ቃል «ይህ ትዕቢተኛ ወጣት» የሚል ሐረግ ጣል አደረገች።

አምስተኛው ስርጭት እንዳለቀ ስልክ የደወሉት አድማጮች አንድ ዓይነት ነገር ነበር የሚሉት፦ «ይያዝና እንገላገል!»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ከግድያው በኋላ ያለው ትዕይንት የመጽሐፉ መፈተኛ ነው። ራስኮልኒኮቭ በመጥረቢያ ከገደላቸው ከአበዳሪዋ አሮጊትና ከእህቷ ሬሳ ጋር ቤት ውስጥ ነው፤ በሩ በመንጠቆ ብቻ ተይዟል። ኮኽ የተባለው ደንበኛ ከውጭ በሩን ይጎትታል፣ መንጠቆው ይዘላል። በዚህ ሰዓት አንባቢው ትንፋሹን ይውጣል፤ የሚፈራውም ለገዳዩ ነው። አድማጭ ኮኽ በሩን ሰብሮ እንዲገባ ከተመኘ፣ ጉድለቱ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ምዕራፎች ነው።

ቀጣዩን ክፍል ሊቀዳ የመጣው አንጋፋው ተራኪ ጽሑፉን ወደ ኋላ ገለባብጦ «አንቺ ልጅ፣ ሕልሙ የት ሄደ?» አላት።

«ጋሼ፣ ደቂቃው አልበቃም እኮ።»

«መጥረቢያው በቅቶታል አይደል?»

ሕልሙ ጌጥ አይደለም። በሕልሙ ራስኮልኒኮቭ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ሰካራሞች ቀጥቅጠው የገደሏትን ከሲታ ባዝራ በደም የተነከረ ራሷን አቅፎ ይስማል። ሰውዬው በላብ ተዘፍቆ ሲነቃ ያሰበውን እርም ይላል፤ አምላኩን መንገዴን አሳየኝ ብሎ ይለምናል። ከዚያ በድርቆሽ ገበያው በኩል ሲያልፍ፣ የአሮጊቷ እህት ሊዛቬታ በማግስቱ ምሽት ከቤት እንደማትኖር በአጋጣሚ ይሰማል። በዚህ ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው አብሮት የሚሄደው ሊወጣ ሞክሮ ካልሆነለት ሰው ጋር ነው። ሕልሙ ሲወጣ የሚቀረው እርምጃ የሚቆጥር ነፍሰ ገዳይ ብቻ ነው።

ማያያዣዋ ሐረግም ቀላል ጥፋት አልነበረችም። ዶስቶየቭስኪ ታሪኩን መጀመሪያ በ«እኔ» አንደበት፣ እንደ ኑዛዜ ጽፎት ነበር። በ1865 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መገባደጃ ያንን አቃጥሎ በሦስተኛ መደብ እንደገና ጀመረ። ሆኖም ከሰውዬው ትከሻ ብዙ አልራቀም፤ ፍርዱንም ለአንባቢ ተወ። ተራኪ ቀድሞ «ትዕቢተኛ» ካለ አድማጩ ምን ሥራ ቀረው?

ክፍሉ በድጋሚ ተቀዳ። ለሕልሙ ስድስት ደቂቃ የተገኘው ከመኖሪያ ክፍሎቹ ገለጻና ከመጥረቢያው ዝግጅት ተቀንሶ ነው። ሳንቲሟም ከነጸጸቷ ተመለሰች። ራስኮልኒኮቭ ደረጃው ላይ ሲደርስ ምን ሞኝነት ሠራሁ ብሎ ሊመለስ ይቃጣዋል፤ ይህ ከተቆረጠ ምጽዋት የሰጠ ጻድቅ ይወጣዋል፤ ያም ሌላ ውሸት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከቅንብር ክፍሉ ነው። ግድያው ላይ የሚያላቅስ የቫዮሊን ማጀቢያ ገባበት፤ አሁን ደግሞ «አሮጊቷ የእጇን አገኘች» የሚሉ ደወሉ። ሊዛቬታን ያነሳ አንድም የለም። እርግጥም ማሳጠሩ እሷን በአንድ መስመር አሳልፏት ነበር። ሙዚቃው ወጣ። ፊቷን እንኳ ሳትከልል ባዶ ግራ እጇን በጥቂቱ ወደ እሱ የዘረጋችበት ቅጽበት እንደተጻፈው ተመለሰ።

ከሁለተኛው ክፍል የተቆረጠች አንዲት መስመርም ተፈልጋ ተገኘች። ራስኮልኒኮቭ ታሞ ተኝቷል፤ ሠራተኛዋ ናስታሲያ ስለ ሟቿ ሊዛቬታ ስታወራ እዚህ ትመጣ እንደነበር፣ የእሱንም ሸሚዝ እንደጠገነችለት ታነሳለች። ተራኪው ድምፁን ሳይለውጥ አነበባት፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም አለ፣ ቀጠለ፤ ራስኮልኒኮቭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ከግድግዳው ወረቀት ላይ አንዲት ነጭ አበባ መረጠና ቅጠሎቿን መቁጠር ያዘ።